ስለ ዋልያ አቤት ያለ ማን ነው? የስሜን እንስሳትና የሕግ ጉዞ

ዋልያን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን የሚጠራው በእሱ ስም ነው፤ የቢራ ጠርሙስም ስሙን ይዟል። እንስሳው ራሱ ግን በዱር የሚገኘው በዓለም ላይ በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ደባርቅ ባሻገር፣ በስሜን ተራሮች ገደላ ገደል። ታሪኩንም አብዛኞቻችን የምናውቀው በቁርጥራጩ ነው። ሊጠፋ ተቃርቦ እንደነበር ሰምተናል፤ እንደተረፈም ሰምተናል፤ በቅርቡ ደግሞ ዳግም አደጋ ላይ መውደቁን ሰማን። በመካከሉ የሆነው ግን ብዙ አይነገርም። ግድያውን ማን አየ? ለማን አመለከተ? አቤቱታው የደረሰው ባለሥልጣንስ ምን አደረገ?

የስሜን ታሪክ በእነዚህ ጥያቄዎች ሲመረመር አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። ዋልያ ያገገመው ጥቆማ የሚሰጥ ሰው፣ ጥቆማውን ተቀብሎ የሚነሳ ባለሥልጣንና ከጥበቃው የሚጠቀም ገበሬ በአንድ ዘመን በተገናኙ ጊዜ ነው። ከሦስቱ አንዱ በጎደለ ቁጥር አዋጁ እያለ ዋልያው አልቋል።

አደን ክብር የነበረበት ዘመን፦ እስከ 1928 ዓ.ም.

የስሜን ተራሮች ለዘመናት የመናኝም የሽፍታም መጠጊያ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድ የተሰወረው በዚሁ ምድር ነው። ዋልያም እዚያው፣ ከአስታው ጫካና ከጅብራው በታች፣ የሰው እግር በማይረግጠው የገደል ጠርዝ ላይ ይኖር ነበር። የወንዱ ቀንድ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ከአንድ ሜትር በላይ ይደርሳል። ያ ቀንድ ተፍቆና ተወልውሎ ዋንጫ ይሆናል፤ ቆዳው ይነጠፋል፤ ሥጋው ይበላል። ግዳይ ጥሎ የተመለሰ ጎበዝ ይፎከርለታል፣ ይሸለማል እንጂ የሚጠይቀው አልነበረም። አቤት የሚባልበት ደጅም አልነበረም፤ ጥፋት ነው ተብሎ ያልተቆጠረ ነገር ከሳሽ አይኖረውም።

የውጭው ዓለም ዋልያን ያወቀው ጀርመናዊው ተጓዥና ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1820ዎቹ ስሜንን አይቶ ለሳይንስ ካስተዋወቀው በኋላ ነው። አደንን በሕግ የመገደብ ሐሳብም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900ዎቹ መባቻ ብቅ ብሏል። ያኔ ግን ዋናው ጉዳይ ዝሆንና የዝሆን ጥርስ ነበር። የስሜንን ዋልያ የጠበቀው ገደሉ ነው። ሩቅ የማይመታ መሣሪያ የያዘ አዳኝ ወደ እንስሳው ለመጠጋት ነፍሱን ማስያዝ ነበረበት፤ ስለዚህ የሚገደለው ጥቂት፣ የሚተርፈው ብዙ ነበር።

ጠመንጃ ገደሉን ሲያሸንፍ፦ ከ1928 እስከ 1955 ዓ.ም.

ይህን ሚዛን ያናጋው የጣሊያን ወረራ ነው። ወራሪው በዳባትና በደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደውን መንገድ ቆፍሮ አወጣ፤ ደባርቅ አፋፍ ወልቀፊት ላይም ጠንካራ ምሽግ ሠራ። በዙሪያው ያሉትን ተራሮች አርበኞች ይዘዋቸው ነበር። የወልቀፊት ጦር እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ አምስት ወር ሊሞላ ሲል።

ጦርነቱ ሲያልፍ ጠመንጃው በየቤቱ ቀረ። ከማዶ ጠርዝ ላይ አነጣጥሮ መተኮስ የሚችል ሰው ገደል መውጣት አያስፈልገውም። ሴቲቱ ዋልያ በአንድ ወሊድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ነው የምትወልደው፤ ስለዚህ በጥይት የሚወድቀውን ያህል በመውለድ መተካት አልተቻለም። ከተመቱት መካከልም ገደል ገብቶ የሚቀረው አለ፤ ሥጋውም ቀንዱም ለማንም ሳይሆን፣ ቆስሎ ከሆነም ማንም ሳይደርስለት።

እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው አዋጅ ቁጥር 61 መንግሥት አደንን የሚቆጣጠርበትን ሥልጣን ሰጠ። በወረቀት ላይ ዋልያ ባለቤት አገኘ። በስሜን ግን ይህን አዋጅ ይዞ ተራራ የሚወጣ ሰው አልነበረም። የስሜን አውራጃ ዋና ከተማ ለነበረችው ደባርቅ የግብር፣ የነፍስ ግድያና የሽፍታ ጉዳይ ከአቅሟ በላይ ነበር። ዋልያ ተገደለ ብሎ የሚመጣ ቢኖር እንኳ መዝገብ ከፍቶ የሚቀበለው ሹም የት ይገኝ ነበር? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የዋልያው ባለቤት የተናቀው ከሕጉ መወለድ ጀምሮ ነው።

የመጀመሪያው ከሳሽ፦ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም.

በ1955 ዓ.ም. ገደማ የዩኔስኮ የመጀመሪያ ዋና ዳይሬክተር የነበረው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጁሊያን ሃክስሊ የመራው የባለሙያዎች ቡድን የኢትዮጵያን የተፈጥሮ ሀብት ተመልክቶ ብሔራዊ ፓርኮች እንዲቋቋሙ መከረ። ምክሩ መደርደሪያ ላይ አልቀረም። በ1957 ዓ.ም. አካባቢ የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት ተቋቋመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ዌልሳዊው ሲ. ደብሊው. ኒኮል የስሜን የመጀመሪያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ኃላፊ ሆኖ ወደ ደባርቅ መጣ።

ኒኮል ተራራው ላይ ሳንቃበር በተባለ ቦታ ሰፈር አቁሞ ዘቦችን ይዞ ተራራውን መዞር ጀመረ። ያየው ነገር አስደነገጠው። አስታው እየተመነጠረ፣ ቀጥ ያለው ተዳፋት ሳይቀር ለገብስ እየታረሰ፣ ዋልያው ደግሞ በጥይት እየተለቀመ ነበር። አዳኝ እያደነ ያዘ፣ ለሹማምንት ደጋግሞ አመለከተ፤ የጠበቀውን ያህል የሚነሳለት አላገኘም። ሁለት ዓመት ያህል ሠርቶ በምሬት ለቀቀ፤ ያየውንም ከአፍሪካ ጣሪያ በሚል ትርጉም ሊሰጠው በሚችል መጽሐፍ ጽፎ ለዓለም አሳወቀ። ከዚያ ጃፓን ኖሮ፣ የጃፓን ዜግነት ወስዶ፣ በዚያም ደን ሲያለማ ኖሮ በ2012 ዓ.ም. አረፈ።

ሹማምንቱ ስለምን አልተነሱም? ምክንያቱ ቸልተኝነት ብቻ አልነበረም። የአውራጃ ገዢ አገር የሚያስተዳድረው በየአካባቢው ባላባትና ታጣቂ በኩል ነው፤ ከአዳኞቹ ውስጥ ደግሞ የእነዚሁ ሰዎች ዘመድ አለበት። አንድ ቀንድ ተገኘ ብሎ ዘመድ ያሰረ ሹም ነገ ሽፍታ ሲነሳ የሚረዳው አያገኝም። በዚያ ላይ ፓርኩ ገና በሕግ አልቆመም፤ ወንጀሉ የተፈጸመበት ወሰን የትኛው እንደሆነ ለዳኛ የሚያሳይ ካርታ አልነበረም።

ይህ ክፍተት የተደፈነው በጥቅምት 1962 ዓ.ም. ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ136 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት በትእዛዝ ተቋቋመ። ከዚህ በኋላ ዋልያ የገደለ ሰው የሚከሰስበት ቦታና ሕግ ተገኘ። ሕጉ ግን አንድ እንከን ይዞ ተወለደ፦ ገበሬው ቤቱ ውስጥ እንዳለ፣ ማሳው ላይ እንዳለ ነው የፓርክ ወሰን የዞረበት። በአባቱ ርስት ላይ ያለ ሰው በአንድ ቀን ሕገ ወጥ ሰፋሪ ሆነ። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤቱ ዋልያ ሲገድል ቢያይ ለማን ብሎ ይናገራል?

ዓለም ያከበረው፣ ሰዉ የከፈለበት፦ ከ1966 እስከ 1983 ዓ.ም.

አብዮቱ ሲፈነዳ ስሜን ውስጥ የስዊስ ተመራማሪዎች ይሠሩ ነበር። በርንሃርድ ኒቨርገልት የዋልያውን ኑሮና ቁጥር አጠና፤ ሃንስ ሁርኒ ደግሞ ፓርኩን በኃላፊነት ከመምራቱም በላይ አፈሩ ከተዳፋቱ እንዴት እየታጠበ እንደሆነ መዘገበ። ሥራቸው ከቅሬታ ወደ ማስረጃ የተሸጋገረ ጥቆማ ነበር። ዋልያው አለቀ ከማለት አልፎ ስንት እንደቀረ፣ የት እንደቀረና ለምን እንደሸሸ የሚናገር ሰነድ ባለሥልጣን በቀላሉ አይገፋውም።

ፍሬውም ታየ። በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች ሁለቱ የኢትዮጵያ ነበሩ፤ ላሊበላና ስሜን።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ደርግ በፓርኩ ሰሜናዊ ቆላ ይኖሩ የነበሩ 1,800 ያህል ሰዎችን በወታደር ኃይል አስነሳ። ባለሥልጣኑ በመጨረሻ ተነሳ ማለት ነው፤ ግን የተነሳው በገበሬው ላይ ነው። ከቀዬው የተነቀለ ሰው ቂሙን የሚወጣበት መንገድ አያጣም፣ በስሜን ደግሞ ቂም መወጫው ቅርብ ነበር፤ የመንግሥት ንብረት ተብሎ ቤቱን ያሳጣው ያ እንስሳ። በ1970ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነቱ ወደ ተራራው ሲወጣ ፓርኩ ያለ ጠባቂ ቀረ፣ ሰፈሮቹም ወደሙ። ለብዙ ዓመታት ከስሜን የሚወጣ ጥቆማም፣ ጥቆማ የሚቀበል ቢሮም አልነበረም።

ስም በአደጋ መዝገብ ላይ፦ ከ1983 እስከ 1999 ዓ.ም.

ደርግ ወድቆ ሠራተኞቹ ወደ ተራራው ሲመለሱ ያገኙት የፈረሰ ሰፈር፣ የሰፋ እርሻና ከተበተነው ጦር የተረፈ መሣሪያ ነው። ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ መካነ ብርሃን የሚዘልቀው መንገድም በፓርኩ መሃል አለፈ። የዋልያው ቁጥር ወደ 250 አካባቢ እንደወረደ ተገመተ።

ያኔ አቤቱታው ከዚያ በፊት ሄዶ ወደማያውቅበት ደረሰ። በ1989 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ስሜንን አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባው። አገር ውስጥ የተነገረው ሁሉ ያላመጣውን መደናገጥ ይህ ውሳኔ አመጣ። የአማራ ክልል ኃላፊዎች መጀመሪያ ላይ ቅር ተሰኝተውበት ነበር፤ እየዋለ ሲያድር ግን ለመነጋገሪያ በር ከፈተ። ምክንያቱም ክሱ ከመውጫው ጋር ነው የመጣው። በ1993 ዓ.ም. የመጣ ልዑክ ስሜን ከመዝገቡ የሚወጣበትን ሁኔታ ዘርዝሮ አስቀመጠ፦ መንደሮችን ያላካተተ አዲስ ወሰን ይከለል፣ ፓርኩ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ወዳሉባቸው አጎራባች ተራሮች ይስፋ፣ በውስጡ የሚኖረው ሰው ቁጥር ይቀንስ፣ የሁለቱ እንስሳት ቁጥር ይጨምር።

ባለሥልጣንን ለሥራ የሚያነሳው ይህን የመሰለ ጥያቄ ነው። ምን እንደጎደለ፣ ማን እንደሚያሟላውና መሟላቱ በምን እንደሚለካ ተጽፏል። በኦስትሪያ መንግሥት ድጋፍም ሥራው ተጀመረ። አዲሱ ወሰን ሲከለል ገበሬው ቁሞ እንዲያየውና እንዲነጋገርበት ተደረገ፤ እርሻና መንደር ወደ ውጭ፣ ዋልያ የሚውልበት ገደል ወደ ውስጥ ገባ። ፓርኩም ከመነሻው በሦስት እጥፍ ሰፍቶ 412 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ደረሰ።

ሰንሰለቱ ሲያያዝ፦ ከ1999 እስከ 2012 ዓ.ም.

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ቅጣቱን ከፍ አደረገው፤ ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም። በተከታዩ ዓመት በአዋጅ ቁጥር 575/2000 የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ስሜንም በእሱ ሥር ገባ።

ጥቆማ ወደ ፍርድ የሚሄድበትን መንገድ ቀረብ ብለን እንየው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከስካውቱ ነው፤ ክላሽ አንግቶ፣ ጋቢ ደርቦ ከሳንቃበር እስከ ግጭ፣ ከግጭ እስከ ጨነቅ የሚዞረው የአካባቢው ሰው። የጥይት ድምፅ ይሰማል፣ ወይም ዋልያ በሚያልፍበት ጠባብ ጠርዝ ላይ የተጠመደ ወጥመድ ያገኛል፣ አለዚያም የከብት እረኛ ሹክ ይለዋል። ጉዳዩ ከሰፈሩ ወደ ደባርቁ የፓርክ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ወረዳ ፖሊስ፣ ወደ ዐቃቤ ሕግ፣ በመጨረሻ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ቀንዱ፣ ቆዳውና ጠመንጃው በኤግዚቢትነት ይያዛሉ። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ ምስክር ላይ ነው። ተጠርጣሪው ያጎቱ ልጅ፣ የክርስትና አባቱ ወይም የዕድር ጓደኛው የሆነበት ሰው ችሎት ቆሞ አየሁ ለማለት ይከብደዋል። ሽማግሌ ገብቶ ነገሩ በእርቅ እንዲያልቅ የሚገፋበትም ጊዜ አለ፤ በዳይና ተበዳይ በሚታረቁበት ሸንጎ ግን ዋልያው አፍ የለውም።

የምስክርን አፍ የከፈተው ጥቅሙ ነው። በእነዚህ ዓመታት ወደ ስሜን የሚመጣው ጎብኚ በዛ። የደባርቅ ወጣቶች በአስጎብኚነት፣ በምግብ አብሳይነት፣ ባለ በቅሎዎችም በማኅበር ተደራጅተው ተራ ይዘው መሥራት ጀመሩ። በቅሎውን ጭኖ ጨነቅ የሚያድር ሰው እንግዳው የመጣው ዋልያና ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት እንደሆነ ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው ለጥቆማ ጉትጎታ አያስፈልገውም።

በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ 418 አባወራዎች ከነቤተሰባቸው፣ ካሳ ተከፍሏቸው ከፓርኩ እምብርት ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። ይህ መዛወር ከደርጉ ዘመኑ የሚለየው ንግግርና ካሳ ስለነበረው ነው። ያም ሆኖ ከብት አርቢና ገብስ ዘሪ የነበረ ሰው ወደ ከተማ ኑሮ መግባቱ ቀላል አልሆነለትም፤ ይህ ውለታ ገና አልተከፈለም። በዚያው ዘመን የዋልያው ቁጥር 865 ደርሶ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ፖላንድ ክራኮቭ ላይ የተሰበሰበው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ስሜንን ከአደጋ መዝገብ አወጣው፤ በ21ኛው ዓመት መሆኑ ነው።

በዚሁ በ2009 ዓ.ም. ሌላ አቤቱታ በሌላ ከተማ ሰሚ አግኝቷል። ቢሾፍቱ ላይ ሥራ የጀመረ የአህያ ቄራ በነዋሪው ተቃውሞ የተነሳ በሚያዝያ ወር በከተማው አስተዳደር ተዘጋ። ሰዉ በአንድ ድምፅ ተናገረ፣ ሥልጣን ያለው አካል አጠገቡ ነበረ፣ ውሳኔውም በሳምንታት ውስጥ መጣ። የጭነት እንስሳት ጉዳይ ለደባርቅና ለዳባትም ሩቅ አይደለም። በገበያ ቀን ከዙሪያው ወረዳ እህል ተጭነው ከሚገቡት አህዮችና በቅሎዎች መካከል ጀርባው የተገጠበ፣ በቁስሉ ላይ ዳውላ የተጫነበት ይታያል። ዋልያ ስካውት ተቀጥሮለታል፤ ገጣባዋ አህያ ግን የሚያይላት መንገደኛው ብቻ ነው፤ መንገደኛው ደግሞ ለየትኛው ቢሮ እንደሚናገር አያውቅም።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ፦ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የጀመረው ጦርነት በዓመቱ ማብቂያ ከሊማሊሞ ግርጌ አልፎ የደባርቅንና የዳባትን ገጠር ደረሰ። በዳባት ወረዳ ጭና ላይ ሲቪሎች ተጨፈጨፉ። ሰው ራሱ ከሞት የሚታደገው ባጣበት ቀን ስለ እንስሳ አቤት የሚል አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። የፓርኩ አንዳንድ ክፍሎች ከጠባቂዎች እጅ ወጡ። ጦርነቱ በስምምነት ሲቆም ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። ጎብኚው ቀረ፤ ባለ በቅሎው፣ አስጎብኚውና አብሳዩ ሥራ ፈቱ። መሣሪያው ግን ከመቼውም ይልቅ በዛ።

ውጤቱ በቁጥር ታየ። በ2008 ዓ.ም. 865 የነበረው ዋልያ በ2016 ዓ.ም. 306 ብቻ ሆኖ ተገኘ። በስምንት ዓመት ውስጥ ከሦስት ዋልያ ሁለቱ አልቀዋል ማለት ነው። በ1930ዎቹ የሆነው ሁሉ ተደገመ፦ በየቤቱ ጠመንጃ፣ ከተራራው የራቀ ሹም፣ የሚጠቅመው ያጣ ገበሬ።

ልዩነቱ ዛሬ መንገዱን ማወቃችን ነው። ሕጉ አለ፤ የሕግ እጥረት የለብንም። የሚያስፈልገው በሰላም እጦት የተበጠሰውን ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት መልሶ ማያያዝ ነው። ስካውቱ ደመወዙን በወቅቱ ያግኝ፤ ጥቆማ የሰጠው እረኛ ስሙ ይጠበቅለት፤ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ የዋልያ መዝገብን ከነፍስ ግድያና ከስርቆት መዝገብ ሥር ቀብረው አይርሱት፤ ከጎብኚው የሚገኘው ገቢ ወደ ደባርቅ፣ ጃናሞራና አዲ አርቃይ ገበሬ እጅ ይድረስ። ከግጭ የተነሱት ሰዎች ኑሮም ይቃና፤ እነሱ ሲጎዱ ያየ ሌላ መንደር ፓርኩን አያምንም። በደባርቅና በዳባት ገበያ ደግሞ የጭነት እንስሳት ጉዳት የሚነገረው አንድ የታወቀ ሰው፣ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ቢሆን እንኳ፣ ይሰየም። ዋልያን ከ250 ወደ 865 ያደረሱት እነዚህ ሥራዎች ናቸው፤ የሠሯቸውም የስሜን ስካውቶች፣ ገበሬዎችና ሹማምንት ናቸው። ከ306 ተነስቶ ዳግም ማድረስ ይቻላል፤ ጥቆማ የሚሰጠው ሰው ሰሚ እንዳለው ሲያምን።